የጤና መድህን መዋጮ ይጨመር ወይስ ይቅር?

የሐይቁ ልጅ፦
ትናንት ቀበሌ ስብሰባ ላይ የተነሳውን እዚህ ላምጣው። ገንዘቡ ወጪውን አልሸፍን ስላለ የጤና መድህን መዋጮ ይጨመር ተባለ። እኔ አልደግፍም። ባለፈው ወር እናቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ በነፃ፣ ምርመራም በነፃ። የግፊት መድኃኒቱ ጋ ስንደርስ ግን ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማህተም ተመታልን። ከውጭ በኪሴ ገዛሁ። ታዲያ የምጨምረው ለምኑ ነው?

ፋርማሲስቷ፣ ከደሴ፦
ወንድሜ፣ ማህተሙን ከሚመቱት አንዷ ነኝ፤ እኔም ያሳፍረኛል። ግን መደርደሪያው ዝም ብሎ አልተራቆተም። የምንገዛው በሸጥነው ገንዘብ ነው። የአባላቱን ሂሳብ መድህኑ በየሦስት ወሩ አጠቃሎ ይከፍለናል። ከዘገየ እጃችን ባዶ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መድኃኒቱ ደግሞ አብዛኛው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። በድሮ መዋጮ የዛሬን ኪኒን ከየት እናምጣው?

የወረዳ ሠራተኛ፦
አንድ ነገር ረስታችኋል። መክፈል የማይችለውን ድሃ የሚከፍሉለት ክልልና ወረዳ ናቸው። በ2014 ጦርነት የተዘረፉትን ጤና ተቋማት መልሶ ማቋቋሙም ከዚያው ከጠበበው በጀት ነው።

የቅሬ ጸሐፊ፦
እኛ አምና የቅሬውን፣ ማለት የቀብር እድራችንን፣ መዋጮ ጨመርን። አቡጀዴውም ድንኳኑም ተወዷላ። እስላሙም ክርስቲያኑም እያጉረመረመ ከፈለ፤ አንድ ሰው አልወጣም። ደብተሩ በየወሩ ዋርካው ሥር ይነበባል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ትልቁ ድስት ማን ቤት እንደቀረ ሳይቀር። (አንዴ የራሴ ቤት ተገኝቶ ተስቆብኛል።) የመድህኑን ደብተር ያነበበላችሁ አለ?

የኮምቦልቻው፦
ጋሼ፣ ቅሬ እኮ የሚቀብረው አንዴ ነው! የስኳር ታማሚ በየወሩ ነው የሚመጣው።

የቅሬ ጸሐፊ፦
እሱስ ልክ ነህ። ለዚህ ነው ጤነኛው እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያለብን። እሱ ከወጣ የሚቀረው በሽተኛው ብቻ ነው፤ ያኔ ምን ያህል ቢጨመር አይበቃም። ጤነኛውን የሚያስወጣው ደግሞ ያቺው ማህተም ናት።

የሐይቁ ልጅ፦
እሺ፣ በዋጋው ተረትቻለሁ። የእኛ ተሁለደሬ እኮ መድህኑ በ2003 ሲጀመር ከ13ቱ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ከጅምሩ የከፈለ ሰው ሂሳብ ቢጠይቅ ነውር የለውም። እናንተ የወረዳዎቹ፣ ጥር ላይ ልትመዘግቡን ስትመጡ ደብተሩንም ያዙ። ዋርካ እኛም ሰፈር አለ።

ፋርማሲስቷ፣ ከደሴ፦
እኔም የጎደለውን መድኃኒት ዝርዝር ይዤ እመጣለሁ። ቡናው በእናንተ ነው።