ጥቆማ፦ ለአማተር ኦርኬስትራችን መሪ ከየት እናግኝ? በምንስ እንምረጥ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የምንለማመድ 31 አማተሮች ነን። ቫዮሊን ይበዛል፤ ሁለት ቼሎ፣ አራት ክላርኔት፣ ሦስት ትራምፔት፣ አንድ ትሮምቦን አለን። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንትም አብረውን ይጫወታሉ። ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጡ መምህራን ሁሉ አሉበት። ሲመራን የነበረው ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄደና ሁለት ወር ያለ መሪ ቆየን። የወር መዋጮአችን በሰው 300 ብር ሲሆን የአዳራሽ ኪራይ ከዚያው ይወጣል፤ ስለዚህ ብዙ መክፈል አንችልም። የማንን በር እናንኳኳ? ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት? የጦር ኃይል ባንድ? ቤተ ክርስቲያን? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩን። ጥር ላይ ፈትነን ልንጨርስ አስበናል።

ከሁለተኛ ቫዮሊን ወንበር፦
እኛ ባለፉት ዓመታት ሁለት ጊዜ መሪ ቀይረናል። የመጀመሪያው ምርጫችን ውድቀት ነበር። አንድ ሰው የኮንሰርት ቪዲዮ ላከልን፤ ልብሱ፣ የእጁ አወራረድ፣ ሁሉ ነገሩ ያምራል። ወዲያው ተስማማን። ኋላ እንደገባን ግን ቪዲዮው ላይ ያሉት ባለሙያዎች እሱ ባይቆምላቸውም ይጫወቱት ነበር። እኛ ጋ መጥቶ ሦስተኛ መስመር ላይ ስንጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ከማስጀመር ሌላ መላ አልነበረውም። ስለዚህ ቪዲዮ ከጠየቃችሁ የልምምድ ቪዲዮ ጠይቁ፤ ሰው ተሳስቶ ሲያቆም፣ ሲያስረዳ፣ እንደገና ሲያስጀምር የሚታይበትን። ስለ ሰውየው ስትጠይቁም ለቀድሞ ቡድኑ ኃላፊ አትደውሉ። መጨረሻ ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረውን ተጫዋች ፈልጉ፤ እውነቱን የምታገኙት ከእሱ ነው።

የት ይገኛል ላልሽው፣ ያየሁትን ልንገርሽ። ያሬድ ሄዳችሁ መምህራኑን ጠይቁ፤ ራሳቸው ባይመጡ እንኳ የሚሆን ልጅ ይጠቁማሉ። በቅርቡ የተመረቀ ወጣት ጉልበትም ትዕግሥትም አለው፣ ኖታ ያዘጋጃል፣ ክፍያም አያበዛም። ግን ቋሚ ሥራ ባገኘ ማግስት ይሄዳል። በቫዮሊን ወይም በፒያኖ የተመረቀ ሁሉ 30 ሰው መምራት ይችላል ብላችሁም አትገምቱ። መካነ ኢየሱስ ጃዝ ትምህርት ቤት ያለፉት ደግሞ ዜማ ማቀናበር ላይ ጎበዝ ናቸው፤ የአገር ቤት ዜማ ለእናንተ መሣሪያ የሚስማማ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ከፈለጋችሁ እዚያ ሞክሩ።

የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን የሚያሠለጥኑ ሰዎችን አትናቁ። አማተርን ይዞ መሥራት የሚያውቅ ሰው እነሱ መካከል ይበዛል፤ ኖታ የማያነብን ሰው በጆሮ አስይዘው ያስዘምራሉ። ድክመታቸው ሙሉ የኦርኬስትራ ኖታ ፊታቸው ሲዘረጋ ነው። 12 መስመር ወደ ታች ማንበብ ሌላ ሥራ ነው። የኤምባሲ ወይም የውጭ ትምህርት ቤት ሙዚቃ መምህር ብታገኙ ደስ ይላል፣ ግን ኮንትራቱ ሲያልቅ አገሩ ይገባል፤ አሁን ያላችሁበት ቦታ ትመለሳላችሁ።

አሁን ዋናው፦ ፈተናው። ለእያንዳንዱ ዕጩ 90 ደቂቃ ሰጠን። የምናውቀው አንድ ዜማ፣ አይተነው የማናውቀው አንድ ዜማ፣ ሦስተኛው ደግሞ በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚሄድ ዜማ። አንቺ ሆዬ የገባው ሆን ብለን ነው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው አይደል? ከአምባሰል ቅኝት የሚለየው አራተኛውና አምስተኛው ድምፅ ላይ ነው፤ አማተር ቫዮሊን ደግሞ ሳይታወቀው ሶልን ከፍ፣ ላን ዝቅ አድርጎ አምባሰል ውስጥ ይገባል። አንዱ ዕጩ ጭራሽ አልሰማውም። ሌላው ሰማ፤ ቫዮሊኖቹን አስቁሞ ማሲንቆውን ብቻውን አስጫወተና «እሱን ተከተሉ» አለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ክላርኔት ወረቀት ላይም አንድ ኖታ በግማሽ ድምፅ አሳስተን አስቀመጥን። አንደኛው አለፈው። ሁለተኛው አቁሞ ክላርኔቱን ተቆጣ። ሦስተኛው ወደ ልጁ ሄደና «እስቲ ወረቀትህን አሳየኝ» አለው። የመረጥነው ይሄን ሦስተኛውን ነው።

ሌላም አለ። በችክችካ፣ በጭፈራ ምት የሚሄድ ዜማ ስጧቸውና እጃቸውን ተመልከቱ። በስድስት ስምንተኛ ተጽፏል ብሎ ስድስቱንም ምት አንድ በአንድ የሚመታ ሰው ጭፈራውን ልቅሶ ያደርገዋል፤ በሁለት መምታት አለበት። ዋሽንት ነፊውን «ስንት ዋሽንት ይዘሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ከመጣ ደግሞ ግማሹን ፈተና አልፏል፤ ዋሽንት ቅኝቱ የሚቀየረው መሣሪያው ሲቀየር መሆኑን አውቋል ማለት ነው።

ድምፅ አሰጣጡ ላይ ተጠንቀቁ። እንደ መጀመሪያው ጊዜ በቃል ብናደርገው ኖሮ የአንደኛ ቫዮሊኖቹ ሐሳብ ብቻ ነበር የሚሰማው። በሁለተኛው ጊዜ ዕጩው እንደወጣ፣ ቡናው ሳይቀርብ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቁራጭ ወረቀት ሰጠን። ጥያቄው ሁለት ነው፦ ዛሬ ምን ተማርክ? እሱ ከሆነ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጣለህ? የቆጠረችልን የማትጫወት የአንድ አባል እህት ናት።

ጡረተኛው ትራምፔት፦
ልጆቼ፣ ጠያቂዋ የጦር ኃይል ባንድን ብታነሳም ስለ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ ባንድ ጡረተኞች የመለሰ የለም፤ ቅር ብሎኛል። ትራንስፖዚሽን፣ ማለት ኖታውን ለየመሣሪያው ወደሚስማማው ድምፅ ማዛወር፣ ለእኛ እንጀራችን ነበር። ትራምፔቱ ሬ ሲያነብ ምን እንደሚሰማ ሳናስብ እንመልሳለን። ሰዓት እናከብራለን። ክፍያም ቢሆን፣ ጡረታ የወጣ ሰው የሚፈልገው ትራንስፖርቱንና ክብሩን ነው። እኔ የሙዚቃ አቀናባሪውን የነርሲስ ናልባንዲያንን ዘመን ባልደርስበትም ታላላቆቼ ስለ ጆሮው ሲያወሩ አድጌያለሁ፤ በማዘጋጃ ቤት፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሠራ ሰው ነው። የእኛን ቅኝት ለትልቅ ኦርኬስትራ መጻፍ የተማረው እዚሁ ሆኖ፣ ተጫዋቹን እየሰማ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ዲግሪ አይጠየቅም።

ከሁለተኛ ቫዮሊን ወንበር፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዘንግቼ ነው። ከዚያ የመጣ አንድ ዕጩ ነበረን፤ ትራምፔቶቻችንን በአንድ ቀን ለወጣቸው። ግን ቫዮሊኖቹን ስለ ቀስት ምንም ሊነግራቸው አልቻለም፤ ድምፁም ለሰልፍ ሜዳ የተሠራ ነው፤ አንዲት ልጅ አለቀሰች። ቢሆንም ለንፋስ መሣሪያዎቹ ብቻ በወር አንድ ቅዳሜ እንዲመጣ ለመንነውና አሁን የምንወደው እሱን ነው። ጠያቂዋ ይህንንም አስቢበት፤ ሁሉን ነገር ከአንድ ሰው መጠበቅ የለባችሁም።

ክራር ደርዳሪ፦
እኔ አንድ ነገር ብቻ። መሪው ክራርና ማሲንቆን እንደ ጌጥ የሚያስቀምጥ ከሆነ አትውሰዱት። በ1963 (በፈረንጆቹ) የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ኋላ ተስፋዬ ለማ የመራው፣ የየአካባቢውን መሣሪያ አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበ ነው፤ ስለዚህ አይቻልም አትበሉ። ዕጩውን የፕሮግራም ቅደም ተከተል እንዲያወጣ ጠይቁት። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ትዝታ እያመላለሰ በየዜማው መካከል ክራሬን የሚያስቃኘኝ ከሆነ ክራር አያውቅም።

የገንዘብ ያዥ፦
ክፍያውን በወር ሳይሆን በልምምድ አድርጉት፤ ቀረ፣ አይከፈለውም። የመጀመሪያው ውል ለአንድ ዝግጅት ብቻ ይሁን፣ ሦስት ወር ገደማ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ዜማ የሚመርጠው ማን ነው፣ ኖታ የሚያባዛው ማን ነው፣ ሠርግ ሲመጣበት ማንን ይተካል። ዜማ መራጩን ሳንጽፍ ቀርተን አንድ ዓመት ተጨቃጭቀናል። ያላችሁን ብር ደግሞ በመጀመሪያው ስልክ ንገሩት፤ ሦስት ጊዜ ከመጣ በኋላ መንገር ነውር ነው።

እና ጥር ላይ ማለታችሁ አሳቀኝ። ጥር ላይ ደህና ሙዚቀኛ ሁሉ ሠርግ ላይ ነው! ያኔ የሚመጣላችሁ ሥራ ያጣው ነው። ሁዳዴ ሲገባ ጠብቁ፤ ሠርግ ሲቆም ስልክ ማንሳት ይጀምራሉ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። ጋሼ፣ በውስጥ እጽፍልዎታለሁ፤ ለትራምፔቶቹ እርስዎ ራስዎ ቢመጡልን ደስ ይለናል። የጥርን ነገር አላሰብነውም ነበር፤ ወደ ሁዳዴ እንገፋዋለን። ግን አራት አባሎቻችን በጾም አይጫወቱም፤ እነሱ ሳይኖሩ መምረጥ ቅር ያሰኛቸዋል።

ከሁለተኛ ቫዮሊን ወንበር፦
መሣሪያቸውን ቤት ትተው ይምጡ። ከኋላ ይቀመጡና ይስሙ። ወረቀቱ ላይ የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ብቻ ይሙሉ።