ዋይፋዩን ይይዛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

የገርጂዋ፦
ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አማክሩኝ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁና ዋይፋይ ስለሌለው ፍላሽ የምታክል ዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር ሰካሁበት። ዊንዶውስ 10 ነው። ድራይቨሩ ተጭኗል፣ የግቢያችንን ዋይፋይ ያያል፣ ፓስወርዱንም ይቀበላል፣ ከዚያ «ኢንተርኔት የለም» ይላል፣ አለቀ። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ዩቲዩብ ሳይቀር ያጫውታል። ነቅዬ ሰክቻለሁ፣ ሪስታርትም አድርጌያለሁ። ሰፈር ያለው ጠጋኝ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም እያለ ነው። ምን ይሻለኛል?

ፈጣኑ፦
አዳፕተሩ ነው። ርካሾቹ ዕድሜ የላቸውም፣ ሌላ ግዢ።

ጋሽ ኬብል፦
ኧረ ቀስ በል! ዋይፋዩን አይቶ ፓስወርድ የተቀበለ አዳፕተር እንዴት ሞተ ይባላል? እህቴ፣ ምንም ከመግዛትሽና ከማስፎርማትሽ በፊት የስልክሽን ሆትስፖት ክፈቺና ኮምፒውተሩን በሱ አገናኚው። ከሠራ ችግሩ ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያድለው ሣጥን) ጋ ነው፣ ካልሠራ ኮምፒውተሩ ላይ። ቶሎ ዝጊው ታዲያ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ላውርድ ብሎ ፓኬጅሽን እንዳይጨርሰው። ቀጥሎ ወደ ግቢው ዋይፋይ መልሺውና ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት) ላይ አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊ። የአይፒቪ4 (IPv4) ቁጥር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ፣ በ192.168 ከጀመረ ራውተሩ አድራሻ ሰጥቶታል ማለት ነው። 169.254 ካለ ግን ዊንዶውስ ከራውተሩ መልስ ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ስለሆነ በሱ ኢንተርኔት አታገኚም።

የገርጂዋ፦
በሆትስፖት «ኢንተርኔት የለም» የሚለው ጠፋ! በግቢው ዋይፋይ ግን 169.254 ነው የሚለው።

ጋሽ ኬብል፦
ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው?

የገርጂዋ፦
አከራዮቹ፣ እኛ ተከራዮቹ፣ ልጆቹ ሁሉ፣ ቴሌቪዥኑም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ ከቡናው በፊት ፓስወርድ ነው የሚሰጠው።

ጋሽ ኬብል፦
በቃ፣ እዚያ ጋ ነው። ራውተር አድራሻ የሚያድለው ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ተብሎ ነው፣ ዲኤችሲፒ ይሉታል። ክልሉ ጠባብ ሆኖ ከሞላ አዲስ የመጣ ዕቃ ይገናኛል፣ አድራሻ ግን አይደርሰውም። ስልክሽ የሚሠራው ቀድሞ ስለያዘ ነው። እንግዳው ሄዶም የያዘው ቁጥር ጊዜው እስኪያልቅ አይለቀቅም፣ ብዙ ራውተር ላይ ይህ 24 ሰዓት ነው። የራውተሩ ባለቤት 192.168.1.1 ወይም ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ቁጥር ብሮውዘር ላይ ይክፈትና የመጨረሻውን ቁጥር 200 ያድርገው። እግረ መንገዱን የተጠቃሚ ብዛት ገደብ ተሞልቶ እንደሆነም ይይ።

የገርጂዋ፦
የአከራዬ ልጅ ከፈተው። ከ100 እስከ 110 ብቻ ነበር! 200 ሲያደርገው ወዲያው ገባ፣ ተባረክ። አሁን ግን የከፈትኩትን ሁሉ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» እያለ ይመልሰኛል። ይሄ ደግሞ ምንድነው?

ሌሊት ወፍ፦
ከታች በቀኝ በኩል ቀኑን እይው። የድረ ገጾች ሰርተፊኬት (የእውነተኛነታቸው ማረጋገጫ) የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን አለው፣ የኮምፒውተርሽ ሰዓት ከዚያ ውጭ ከሆነ ብሮውዘሩ አያምነውም። ዓመቱን በኛ አቆጣጠር የሚሞላ ጠጋኝ ደግሞ ሞልቷል፣ ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል።

የገርጂዋ፦
ሃሃሃ 2018 ነው የሚለው!!

ሌሊት ወፍ፦
በፈረንጁ አስተካክዪው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ እንደገና ከተዛባ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፣ ሲአር 2032 ብለሽ ግዢ፣ ሰዓት ጠጋኞች ጋም አትጠፋም።

ጋሽ ኬብል፦
አዳፕተሩን ከኬዙ ጀርባ ሰክተሽው ከሆነ ደግሞ ወደ ፊት አምጪው፣ ብረቱ ሲግናሉን ይጋርደዋል። አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ካገኘሽማ ጠረጴዛው ላይ አውጪው፣ ለውጡን ታዪዋለሽ።