የፒፓ ቀረጻ ውድድራችንን ልንደግም ነው፤ በምን እንዳኝ?

ድሬ አናጺ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በርና መስኮት የምሠራ አናጺ ነኝ። ጥያቄዬ የትምባሆ ፒፓ ቀርጸን ስለምንወዳደርበት ነገር ነው። የማታጨሱ አትቆጡኝ፤ እኔም ካቆምኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ እንጨቱ ግን አልለቀቀኝም።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከዕቃው ሁሉ ለእኔ የደረሰኝ አንድ የፈረንሳይ ፒፓ ነው። አንገቱ ተሰንጥቆ ነበርና አባቴ ራሱ ከመዳብ ቱቦ ቀለበት ቆርጦ አጥልቆበታል። ያንን እያየሁ መቅረጽ ጀመርኩ። በኋላ አንድ የሐረር እንጨት ጠራቢ ተጨመረ፤ ወሬው ወሬ እየጠራ አሁን ስድስት ደርሰናል።

ባለፈው ዓመት በጥምቀት ሰሞን ስድስቱን ፒፓዎች ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። በየፒፓው ፊት አንድ ብርጭቆ፣ ለየሰዉ አንድ የቡና ፍሬ። የወደደው ብርጭቆ ውስጥ ይጥላል። ያሸነፈው የአንበሳ ራስ ነው። ጎፈሩ ጸጉር በጸጉር ተፈልፍሏል፤ የሠሪውን እጅ አልክድም። ነገር ግን ሰው ከተበተነ በኋላ ጭሱ በሚሳብበት በፒፓው አፍ በኩል ሽቦ ባስገባ ሽቦው መሀል ላይ ቆመ። ጭስ የማያልፍበት ፒፓ! እሱ አርባ አንድ ፍሬ፣ እኔ ሰባት። ቅናት ነው የሚለኝ ይበለኝ፤ ቅናትም አለበት።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ልንደግመው ነው። አጭሰን እንፈትን ወይስ ሳይጨስ የሚታወቅበት መንገድ አለ? እንጨቱስ አንድ ዓይነት ይሁን? እኔ የምሠራው በወይራ ነው፤ አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ከባሌ የአስታ ሥር አስመጣለሁ እያለ ነው።

ቶርኖ ቤት፦
ልጄ፣ ሰባት ፍሬ ያገኘኸው ሰዉ ዓይን ብቻ ይዞ ስለመጣ ነው። ፒፓ በዓይን አይዳኝም።

አሜሪካ ውስጥ የካንሳስ ሲቲ የፒፓ ማኅበር ባዘጋጀው የቀራጮች ውድድር አሸናፊ ሆኖ የተመረጠው አንድ ፒፓ ሳይሆን ሰባት ነው። ሰባቱ አንድ ላይ የሳምንት ስብስብ ይሆናሉ፤ ለሰኞ አንድ፣ ለማክሰኞ አንድ እያለ። ዛሬ የተጨሰበት ፒፓ እርጥበቱ እስኪወጣለት ማረፍ ስላለበት ነው እንዲህ ያለ ስብስብ የተለመደው። እንግዲህ ሊጨስበት የሚሠራ ዕቃ መሆኑን ከዚያ ተረዳ። የአንተ አንበሳ በየትኛው ቀን ይገባል?

ማጨስ አያስፈልግም፤ የእጅ ባትሪ ይበቃል። ትምባሆው የሚሞላበት ጉድጓድ ውስጥ አብራና ተመልከት። የጭሱ ቀዳዳ ልክ ከጉድጓዱ ወለል ጋር፣ መሀል ለመሀል መውጣት አለበት። ከፍ ካለ ከታች የሚቀረው ትምባሆ ሳይነድ ይረጥብና ፒፓው ይንተከተካል። ጉድጓዱ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ጥልቀቱ ከ35 እስከ 40፣ የጭሱ መንገድ ከ3.5 እስከ 4 ቢሆን መልካም ነው። ቀጥሎ ባዶውን ሳበው። ካፏጨ የሆነ ቦታ ጠቧል ማለት ነው። የአፉ ወንዴ በአንገቱ ሴቴ ውስጥ እስከ መጨረሻው መድረሱንም እይ፤ ክፍተት ካለ ውኃ የሚያጠራቅመው እዚያ ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ጉማጁ ገና አራት ማዕዘን ሆኖ ሞርሳ ላይ እያለ ቀዳዳውን ጨርሱ። መሮ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ተቀርጾ ያለቀን ነገር በምን ትይዘዋለህ? መብሻው ፑንታ እንደፈለገው ይሄዳል።

አስታን ተዉት። እርግጥ ነው፣ ፈረንጆቹ ፒፓ የሚሠሩበት ብሪያር የሚሉት እንጨት የዚያው የአስታ ዛፍ ነው። ፒፓ የሚሆነው ግን ግንዱ ሳይሆን ግንድና ሥር በሚገናኙበት የሚያብጠው ጉጥ ነው። እሳት ባለፈበት ጊዜ ዛፉ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከዚያው ስለሆነ፣ ጉጡን መንቀል ዛፉን መግደል ነው። ተነቅሎ ቢመጣም ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ከዚያ ወራት፣ ሲሆን ዓመትና ከዚያ በላይ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ለፋሲካ አይደርስላችሁም። ከባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ከተነቀለማ የሚጠብቃችሁ ዋንጫ አይደለም። ሁላችሁም በደረቀ ወይራ ሥሩ።

የጀጎል ልጅ፦
አንበሳው የእኔ ነው።

ቀዳዳ ነበረው። ጎፈሩን በአንገቱ በኩል ጠለቅ አድርጌ ስፈለፍል መሮው ቀዳዳው ላይ ወጣ። ውድድሩ በማግስቱ ነበር። የወይራ ዱቄት በኮላ ለውሼ ደፈንኩትና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ኮላው ወደ ውስጥ መግባቱን እኔም በኋላ ነው ያወቅሁት። ድሬ አናጺ፣ ሽቦ ማስገባትህን ዓመት ሙሉ ደብቀኸኝ እዚህ ታወጣዋለህ? ቢሆንም እውነት ነው።

ግን እኔም ቅሬታ አለኝ። ሐረር ላይ ልክክ ያለውን የቀንድ አፍ ድሬዳዋ ይዤው ስወርድ በሦስተኛው ቀን የሁለተኛው ፒፓዬ አንገት ተሰነጠቀ። እናንተ ጋ ያለው ደረቅ ሙቀት እንጨቱን ያኮማትረዋል፤ ቀንዱ ደግሞ እኩል አብሮት አይኮማተርም። ስለዚህ ውድድሩ በተራ ይሁን፤ አንድ ዓመት እኛ ጋ ውጡ። ሌላው፣ ቀዳዳውን ብቻ ከዳኛችሁ ስድስት የቧንቧ ቁራጭ ነው የምትሰበስቡት። ፍልፈላም ነጥብ ይኑረው።

ሕይወት ከአዲስ አበባ፦
ድሬ አናጺ፣ እርስዎ ማቆምዎን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ነርስ ነኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሻይ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ስለዚህ በጭስ መፈተኑን ከነጭራሹ ይተዉት። ትምባሆ ማስተዋወቅና የትምባሆ ድርጅት ስፖንሰር መሆንም አይፈቀድም። ሽልማት የሚሰጥ ሰው ከመጣ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ልጆችም በአጠገቡ የሚያልፉ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ትምባሆ አይቀመጥ፤ እንጨቱ ይበቃል።

ድሬ አናጺ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሕይወት እኅቴ፣ እርስዎ የሚለውን ለድሬ ሰው ተይው፤ እኛ ዘንድ አባትም አንተ ነው። ትምባሆ አይቀርብም።

ትናንት ማታ በስልክ ተነጋግረን ተስማማን። እንጨቱ ወይራ፣ ሁሉም ከአንድ ግንድ የተቆረጠ፤ ግንዱ ከአልጋዬ ሥር ሦስት ዓመት የከረመ ነው። መጀመሪያ ባትሪና ሽቦ፤ ያላለፈ ወደ ቡናው ፍሬ አይደርስም። ካለፉት መካከል እንደ አምናው ሰዉ ይመርጣል፤ ፍልፈላው እዚያ ዋጋውን ያገኛል። የጀጎል ልጅ፣ የሚቀጥለው ዓመት ሐረር ነው፤ ደብቄህ ሳይሆን አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የአባቴን ፒፓ ከሣጥን አወጣሁና ባትሪ አበራሁበት። ቀዳዳው ከወለሉ 3 ሚሊሜትር ከፍ ብሏል። ልጅ ሆነን አባቴ ማታ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ፒፓው እንደ ጀበና ይንተከተክ ነበር፤ እኛ ያ ድምፅ ከደረቱ የሚወጣ ይመስለን ነበር። በደንባችን መሠረት የመጀመሪያውን ፈተና አያልፍም። ከውድድር ውጪ ሆኖ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ብርጭቆ ግን አላቆምለትም።