የአባቴን የዘመቻ ታሪክ እንዴት ልቅዳ?

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ
ሰላም ናችሁ? አባቴ በ1969 ከመንዝ ሄደው ታጠቅ ጦር ሰፈር የሰለጠኑ ሚሊሻ ናቸው። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ጅጅጋ አጠገብ ካራማራ ተራራ ላይ ተዋግተዋል። አሁን 70 አልፏቸዋል። አብሯቸው የዘመተው ጎረቤታችን ባለፈው ክረምት አረፈ፣ ከሱ አንድም ቃል አልቀዳንም። ባለፈው ፋሲካ አባቴን ለአንድ ሰዓት ያህል ቀድቼ ነበር፣ ግን ስልኬ ተሰረቀና ሁሉም ጠፋ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ቡና ላይ ሳይጠየቁ ያወራሉ፣ ስልክ ሳወጣ ግን ጭጭ ነው። ለገና አገር ቤት እገባለሁ፣ ምን ላድርግ?

ከደብረ ሲና
ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ ደብቀህ ቅዳ። ሳያውቁ ሲያወሩ ነው የሚያምረው።

ከእነዋሪ
ኧረ ደብቀህስ አትቅዳ! እኔ አያቴን እንዲያ ቀድቼ በኋላ ሲሰሙት በጣም አዘኑብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ጦር ሜዳ አንስተው አያውቁም። አስፈቅዳቸው። ለልጅ ልጆች የሚቀመጥ መሆኑን ንገራቸው። ከውጊያው አትጀምር፣ ስንት ሰው ገደሉ ብለህም እንዳትጠይቅ። ከቤት ሲወጡ ማን ሸኛቸው? ስንቁን ማን አዘጋጀ? ታጠቅ ሲደርሱ ምን በሉ፣ ከማን ጋር ተኙ? ውጊያው ራሱ ይመጣል። ዝም ሲሉ አብረህ ዝም በል፣ ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትወርውር።

ከደብረ ብርሃን
ድምፅ ላይ ነው የምሠራው። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፣ ዝተት ወይም ባና ግድግዳው ላይ ስቀልበት። ውጭ አትቅዳ፣ የመንዝ ንፋስ ሁሉን ያበላሸዋል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገህ ከፊታቸው አንድ ክንድ ያህል አርቀህ አስቀምጠው። መጀመሪያ ላይ ስማቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን በድምፅ ተናገር። እንዳለቀ በዚያው ቀን ፍላሽ ላይ ገልብጥ፣ አንድ ቅጂ ጎግል ድራይቭ ላይ ጫን፣ ሌላ ፍላሽ ደግሞ ለእህትህ ስጣት።

ከአንኮበር
የታሪክ መምህር ነኝ። ዓመተ ምሕረት ቢጠፋባቸው አታስጨንቃቸው። ገብስ ታጭዶ ነበር? ጾም ነበር? ብለህ ጠይቅ። ጅጅጋ መስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር ተያዘች፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች። የሳቸውን ትዝታ ከነዚህ ጋር ታስተያያለህ። ካልገጠመም የተናገሩትን አታርም፣ ማስታወሻውን ለብቻ ጻፍ።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ደውዬ አስፈቀድኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ «እዚያ የቀሩትን ልጆች ስምም ትይዛለህ?» አሉኝ። እይዛለሁ አልኳቸው። እስከ ገና ስማቸውን እያስታወሱ ለታናሽ እህቴ ሊያስጽፉ ነው።