4ኤ-ኤፍኢ ላይ የተርቦና የኢንጄክተር ልክ

ጥያቄ፦ 1.6 ሊትር የቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ላይ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ልገጥም ነው። ፒስተኑ የፋብሪካው ነው፤ ግፊቱ 0.5 ባር፣ ግቡ 180 ፈረስ ጉልበት። መኪናው አዲስ አበባ ነው። የትኛው ተርቦ፣ ስንት ሲሲ ኢንጄክተር (ነዳጅ ረጪ) ይሻላል?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ በ0.5 ባር 180 አይገኝም። የአዲስ አበባ አየር ግፊት 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ ከተርቦው 0.5 ጋር ድምሩ 1.27 ባር ብቻ ነው፤ ወደ 130 ፈረስ ጉልበት ጠብቅ። ተርቦው ግን አየሩን 1.65 ጊዜ ማመቅ አለበት፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን 1.5 ይበቃው ነበር። ስለዚህ የጂቲ17 መጠን ያለው ትንሽ ተርቦ በቂ ነው። ከእሱ የሚተልቀውን ጂቲ28 ካስገባህ ግፊቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ከተማ ውስጥ አትጠቀምበትም።

መልስ 2፦ ለኢንጄክተሩ በአንድ ፈረስ ጉልበት 6.3 ሲሲ ነዳጅ በደቂቃ ያዝ። 130 ሲባዛ 819፤ ለ4ቱ ኢንጄክተሮች ስታካፍል 205፤ ኢንጄክተሩ ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ እንዳይሠራ ለ0.8 አካፍለው፣ 256 ይመጣል። 300 ሲሲ ግዛ። የሲሲው ልክ በ3 ባር የነዳጅ ግፊት የተለካ መሆኑን አረጋግጥ። የኢንጄክተሩን ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) በሜትር ለካ፤ ከ12 እስከ 16 መሆን አለበት፤ በጣም ካነሰ የኮምፒውተሩን ሾፌር (ኢንጄክተሩን የሚያዝዘውን ክፍል) ሊያቃጥል ይችላል።

መልስ 3፦ የፋብሪካው የሞተር ኮምፒውተር ከተርቦ የሚመጣውን ግፊት አያነብም። ሊስተካከል የሚችል ኮምፒውተር ሳትገጥም ግፊት አትስጠው፤ ነዳጁ ሲያንስ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተኑ ላይ ያለው የፋሻው (የቀለበቱ) መቀመጫ ይሰበራል።