ኮታ ቢቀነስ ደሞዝ ይጨምራል ወይ? ከአማቼ ጋር ተኳርፈናል

ግራ የገባው
ሰላም ቤተሰብ። ከአማቼ ጋር ከተኳረፍን ሳምንት ሆነን። ነገሩ የተጀመረው በስደተኛ ኮታ ነው፣ በዓመት ስንት ሰው ይግባ በሚለው። እሱ «ሰው ስለበዛ ነው ደሞዝ ከፍ የማይለው፣ ኮታውን ይቀንሱልን» ይላል። ራሱ እኮ የገባው ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት ነው! ከኋላህ በሩን ልትዘጋው ነው እንዴ ብዬ ጮኽኩበት። ስረጋጋ ግን ጥያቄው እኔንም ያዘኝ። ቀጣሪው በየቀኑ «ሠራተኛ አጣን» ይላል፣ ሠራተኛው ደግሞ «ደሞዛችን በስደተኛ ምክንያት ወደቀ» ይላል። ሰው ከጠፋ ደሞዝ መጨመር አልነበረበትም? በተግባር የታየ ነገር የምታውቁ አስረዱኝ። መሳደብ ያማራችሁ ለአማቼ ደውሉለት፣ እሱ መልስ አያጣም።

ቁጥር ወዳጅ
አማችህ የሚለው ነገር እኮ ተሞክሯል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) አሜሪካ ከ1942 እስከ 1964 ብራሴሮ በሚባል ፕሮግራም ሜክሲካውያንን በኮንትራት እያስመጣች እርሻ ታሠራ ነበር። የዘጉት ልክ እንደ አማችህ አስበው ነው፣ የአገሬው የእርሻ ሠራተኛ ደሞዝ ከፍ ይበል ብለው። ተመራማሪዎች በኋላ ተመልሰው ሲያዩት፣ ብራሴሮ በበዛባቸው ግዛቶች ደሞዙ ብራሴሮ ካልነበረባቸው ግዛቶች በተለየ አልጨመረም።

ገበሬዎቹ ምን አደረጉ መሰለህ? ካሊፎርኒያ ውስጥ ለፋብሪካ የሚሆነው ቲማቲም በእጅ ነበር የሚለቀመው። ማሽኑ አስቀድሞ ተሠርቷል፣ ማሽን ሲነካው የማይፈርጥ ጠንካራ የቲማቲም ዘርም ተገኝቷል፣ ግን ርካሽ እጅ እያለ ማን ይገዛዋል? ፕሮግራሙ ሲዘጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቀማው ከሞላ ጎደል የማሽን ሆነ። ማሽን ያልተገኘለትን ሰብል ደግሞ አንዳንዱ መዝራቱን ቀነሰ። ደሞዝ መጨመር ከምርጫዎቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ የ1980ውን ማያሚ ውሰድ። በጥቂት ወራት 125 ሺህ ያህል ኩባውያን በጀልባ ገቡ፣ የከተማዋ ሠራተኛ ቁጥር በአንዴ 7 በመቶ ገደማ ዘለለ። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ዴቪድ ካርድ በ1990 ባወጣው ጥናት የነባሩ ሰው ደሞዝ በዚህ ምክንያት ወደቀ የሚያሰኝ ነገር አላገኘም። ሌላው የኢኮኖሚ ተመራማሪ ጆርጅ ቦርሃስ (እሱ ራሱ ኩባ የተወለደ ነው) ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱትን ወንዶች ብቻ ነጥሎ ሲያይ ከባድ ቅናሽ አገኘ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ «ያየኸው ናሙና በጣም ትንሽ ነው» አሉት። እስከ ዛሬ ይነታረካሉ።

የማታ ፈረቃ
ጥናቱን ለእናንተ ትቼ ያየሁትን ልናገር። እቃ ማከማቻ ውስጥ ነው የምሠራው። በሩ ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ስቀጠርም ነበር። ፀሐይ በልቶት ቀለሙ ገርጥቷል፣ አንዱ ጥጉ ተልጦ በፕላስተር ደግመው አጣብቀውታል። የሰዓት ክፍያው ግን ያው ነው! ፕላስተሩን የቀየረ ሰው ቁጥሩን መቀየር አቅቶት ነው? እና «እጥረት» ሲሉ «በዚህ ዋጋ የሚመጣልን አጣን» በሉት።

በ2021 ብሪታንያ የከባድ መኪና ሹፌር ሲጠፋ አላያችሁም? መንግሥት 5 ሺህ ጊዜያዊ ቪዛ አወጣ፣ የመጣው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ድርጅቶቹ ሲጨንቃቸው ደሞዝ ጨመሩ፣ ጉርሻም ከፈሉ። ለካ ይቻላል።

አስታማሚዋ
የማታ ፈረቃ፣ ለሹፌር ልክ ነህ። በእኛ ሥራ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። እዚሁ ብሪታንያ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞርኩ እንከባከባለሁ። ከክፍያው ብዙው የሚመጣው ከአካባቢ ምክር ቤት በጀት ነው። ያ በጀት ካልተነካ ቀጣሪው ልጨምር ቢልም ከየት ያመጣል?

እኔ የምጨቃጨቀው በቁጥሩ ሳይሆን በቪዛው ነው። በ2022 ለእኛ ዓይነት ሠራተኛ በሩን ከፈቱት፣ በ2025 ከውጭ መቅጠሩን ዘጉት። ሁሉም የሚያወራው ስንት ሰው ገባ ብሎ ነው። የገባው ሰው በምን ታስሮ እንደሚሠራ ማን ጠየቀ? ቪዛዬ በቀጣሪዬ ስም ነው። ሥራውን ከለቀቅኩ ሌላ ስፖንሰር (ለቪዛው የሚቆምልኝ ቀጣሪ) መፈለጊያ የምትሰጠኝ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ናት።

መጀመሪያ የሠራሁበት ቦታ ከአንዱ ሽማግሌ ቤት ወደ ሌላው የምንሄድበት ሰዓት አይከፈልም ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወጥቼ ማታ ሦስት ሰዓት እገባለሁ፣ የሚከፈለኝ የስምንት ሰዓት። አንዲት የአገሬው ተወላጅ ባልደረባዬ ጠየቀች። አለቃችን ምን አለቻት? «ሌሎቹ ቅሬታ የላቸውም»። ሌሎቹ ማለት እኛ ነን፣ ቪዛችን በእጇ ያለ። ልጅቷ በወሩ ለቀቀች። እሷ ስለ እኛ ምን ብላ ይሆን? ምናልባት እንደ አማችህ።

ቁጥር ወዳጅ
እህቴ፣ ይሄ አሜሪካም አለ። ቀጣሪ የተማረ የውጭ ሠራተኛ የሚያስመጣበት ኤች ዋን ቢ የሚባለው ቪዛ ኮታው በዓመት 65 ሺህ ነው፣ እዚያው ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ 20 ሺህ ይጨመራል። ፖለቲከኞች በየዓመቱ በዚህ ቁጥር ይጣላሉ። ሰውየው ሥራ ቢያጣስ? ያው 60 ቀን።

ግራ የገባው፣ አንድ ነገር ረሳሁ። አዲስ መጤ ከማንም በላይ የሚሻማው ከእሱ በፊት ከመጣው ስደተኛ ጋር ነው፤ ሥራቸውም ቋንቋቸውም ስለሚቀራረብ። ስለዚህ አማችህ በር ሊዘጋ ሳይሆን እውነት ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ምንድነው የሚሠራው?

ግራ የገባው
ጽዳት። ማታ ማታ ቢሮ ያጸዳል። በቅርቡ ሰዓት ቀንሰውበታል፣ አሁን ሳስበው ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ግን ወሬውን ወደ ፖለቲካ አዞርኩት። የአስታማሚዋን ጽሑፍ ኮፒ አድርጌ ልኬለታለሁ። አይቶታል፣ መልስ ግን የለም።

የማታ ፈረቃ
ደውልለት እንጂ ሰውዬ፣ ጽሑፍ ምን ያደርግለታል።