ሲሞቅ በድንገት መተኮስ የጀመረ አሮጌ ሞተር ሳይክል፦ ምክንያቱ ከየት ይፈለግ?

ጥያቄ

የምነዳው በፑንቲና (ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ እየከፈተና እየዘጋ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሣ ማብሪያ) የሚሠራ ባለሁለት ሲሊንደር አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ፑንቲና፣ ኮንደንሰርና ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥር ጥቅል ሽቦ) አለው። ያለ እንከን ሲያገለግለኝ ቆይቶ፣ በቅርቡ መንገድ ላይ እያለሁ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በጭስ ማውጫው በኩል በኃይል መተኮስ ጀመረ። ቀዝቃዛ ሳለ ቶሎ ይነሣል፤ ሲሞቅ ግን ነዳጅ ስሰጠው ይንተፋተፋል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ካንዴላዎቹን ቀይሬአለሁ፣ ቤንዚኑም አዲስ ነው። አሁን ካርቡሬተሮቹን ፈትቼ ላጽዳ ወይስ የሚቀድም ነገር አለ?

የመጀመሪያው መልስ

ካርቡሬተሮቹን ለጊዜው አይንኳቸው። በጭስ ማውጫ በኩል የሚሰማው ፍንዳታ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ሳይቃጠል ያለፈ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በጋለው ቱቦ ውስጥ ሲቀጣጠል የሚፈጠር ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ድብልቁ ለምን ሳይቃጠል እንዳለፈ ነው። የካርቡሬተር መቆሸሽ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ የሚብስ ችግር ሲሆን፣ በድንገት የመጣና ከሙቀት ጋር የሚታይ እንከን ግን በእኔ እምነት በቅድሚያ የኤሌክትሪኩን ክፍል ያስጠረጥራል። ድምፁ ከሁለቱም ማርሚታዎች ይሰማል ወይስ ከአንዱ ብቻ? ሲመሽ የፑንቲናውን ክዳን ከፍተው፣ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ፍጥነት) ሲሠራ፣ በፑንቲናዎቹ ጫፎች መካከል የሚታየውን ብልጭታ ያስተውሉ። ጥቃቅን ብልጭታ የተለመደ ነው፤ ደማቅና የማያቋርጥ ከሆነ ግን ኮንደንሰሩ ሥራውን አቁሟል ማለት ይቻላል። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ እንዳይነቅሉ አደራ እላለሁ፤ ቦቢናውን ሊያበላሽ፣ እርስዎንም ሊነዝር ይችላል።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን አየር የሚያስገባ ስንጥቅም በድንገት ሊፈጠር ስለሚችል ሊዘለል አይገባም። በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ሲሞቅም ስንጥቁ ሊከፈት ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ድብልቁ ቤንዚን ያንሰውና በአግባቡ ሳይቀጣጠል ያልፋል። ለመመርመር ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በጎማው ዙሪያ ጥቂት ውኃ ይርጩ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ስንጥቅ አለ። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ይጠቀማሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ስለሚያስነሣ ፈጽሞ እንዳይሞክሩት።

ሦስተኛ መልስ

ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የቫልቮቹንም ክፍተት ይለኩ። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ክፍተት ካነሰ፣ ሲሞቅ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሚተኩሰው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። የውኃው ሙከራ ምንም ለውጥ አላሳየም፣ የቫልቮቹም ክፍተት በመመሪያው መሠረት ነው። በጨለማ ሳየው ግን የቀኙ ፑንቲና ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ ያለማቋረጥ ያወጣል፤ የግራው እምብዛም አይታይም።

የመጀመሪያው መላሽ

እንግዲያው የቀኙን ኮንደንሰር ይቀይሩ። ኮንደንሰሩ ፑንቲናው በሚከፈትበት ቅጽበት ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ በጫፎቹ መካከል እሳት እንዳይዘል ይከላከላል፤ በቦቢናው ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ ኃይልም በፍጥነት እንዲወድቅና ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ እንዲፈጠር ያደርጋል። ውስጡ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ሳለ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይከዳል፤ የእርስዎም ሞተር የሚያሳየው ይህንኑ ነው። አዲሱ በመመሪያው የተጻፈው አቅም ያለው ይሁን፤ በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ሞተሮች 0.2 ማይክሮፋራድ አካባቢ ነው።

ፑንቲናው በዚያ እሳት ስለተጎዳ አብሮ ቢቀየር ይሻላል። ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ በተከፈተበት ቦታ ላይ ይለኩ፤ በብዙ አሮጌ ሞተሮች ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው፣ የእርስዎን ከመመሪያው ያረጋግጡ። ክፍተቱ ሲለወጥ የሚቀጣጠልበት ጊዜም አብሮ ስለሚለወጥ፣ ክፍተቱን አስተካክለው ሳይጨርሱ ወደ ጊዜው አይሂዱ። ጊዜውን በትንሽ አምፖል ማስተካከል ይቻላል፦ አንዱን ሽቦ ከፑንቲናው መስመር፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር ያገናኙ፤ ቁልፉ በርቶ ሞተሩን በእጅ በዝግታ ወደ መዞሪያው አቅጣጫ ሲያዞሩት፣ በሚዞረው ክፍል ላይ ያለው የጊዜ ምልክት በሞተሩ አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር በሚገጥምበት ቅጽበት አምፖሉ መብራት አለበት።

ጠያቂው

ኮንደንሰሩንና ፑንቲናውን ቀይሬ፣ ጊዜውንም እንደተባለው አስተካክያለሁ። ሞተሩ ሞቆም ጉልበቱ ሙሉ ነው። ቁልቁለት ላይ የነዳጁን እጀታ ስለቅ ብቻ በቀኝ በኩል አነስ ያለ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ቀርቷል።

ሁለተኛው መላሽ

ያ የተለየ ነገር ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከሲሊንደሩ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ያለው ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያውን የሚያሽግ ቀለበት) አየር ሲያስገባ፣ የነዳጁ እጀታ በሚለቀቅበት ጊዜ እንዲህ ያለ ድምፅ ይሰማል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን በእኩል ያጥብቁ፤ ድምፁ ካልጠፋ ጓርኒሲዮኑን ይቀይሩ።